የተሻሻለውን ኮድ ለዲዛይን መሐንዲሶች ማሠልጠን፦ አንቀጽ ማንበብ ወይስ አሮጌ ዲዛይን መልሶ መሥራት?

#1 የንድፍ_ክፍል

ሰላም ለሁላችሁ። ለ12 የኤሌክትሪክ ዲዛይን መሐንዲሶች የ3 ቀን ሥልጠና እየተዘጋጀ ነው። ሎድ መደመር፣ ኬብል መምረጥ፣ ነጠላ መስመር ዲያግራም መሳል አያቅታቸውም። ችግሩ የሚጠቀሙባቸው የስሌት ሉሆች በ2005 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የወጣውን የአይኢሲ 60364፣ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ተከላ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ክፍል 4-41 (ከኤሌክትሪክ ንዝረት መከላከያ) እና በ2009 የወጣውን ክፍል 5-52 (የኬብል አመራረጥና አዘረጋግ) ይዘው የተሠሩ መሆናቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ለውጦች ሉሆቹ ውስጥ የሉም።

ለጊዜው የታሰበው እንዲህ ነው፦ 1ኛ ቀን ክፍል 4-41፣ 4-42 እና 4-44፤ 2ኛ ቀን ክፍል 5-52፣ 5-53 እና 5-54፤ 3ኛ ቀን የፀሐይ ኃይልና የመኪና ቻርጀር፣ ከሰዓት ፈተና። ሦስት ጥያቄ አለኝ። ቅደም ተከተሉ ይሠራል? ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀሩትን ትተን ሥዕሉን በእውነት የሚቀይሩት ለውጦች የትኞቹ ናቸው? ሶፍትዌርስ መቼ ይግባ?

#2 ባስባር

ቅደም ተከተሉ የመጽሐፉ ነው፤ የዲዛይነር ሥራ ግን በዚያ አይሄድም። ዲዛይነር የሚጀምረው ከምንጩ ነው፦ ትራንስፎርመሩ ስንት ኬቪኤ ነው፣ የሾርት ሰርኪዩት ከረንቱ ስንት ይደርሳል፣ የኤርዚንግ ሥርዓቱ ቲኤን (ኤርዙ ከምንጩ በሽቦ የሚመጣበት) ነው ወይስ ቲቲ (ሕንፃው የራሱ የመሬት ዘንግ ያለው)። ከዚያ ዋና ቦርድ፣ መጋቢ ኬብል፣ ማከፋፈያ ቦርድ፣ የመጨረሻ ሰርኪዩት። ሥልጠናውም በዚሁ መንገድ ይውረድ፤ አንቀጹ በመንገድ ላይ ሲያስፈልግ ይከፈት።

እኔ የምመክረው አንድ የተጠናቀቀ አሮጌ ዲዛይን፣ ነጠላ መስመር ዲያግራሙን፣ የኬብል ዝርዝሩንና የስሌት ሉሁን አንድ ላይ ማቅረብ ነው። በየሁለት ሰው አንድ ስብስብ ስጧቸው፤ አዲሱ ክፍል የሚነካውን መስመር ሁሉ በቀይ ያክብቡ። 12 ሰው 6 ቡድን ይሆናል፣ ለአንድ አሠልጣኝ የሚያዝ ቁጥር ነው። አንቀጽ ሲነበብ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ሥዕል ላይ ግን ያልገባው ወዲያው ይታወቃል።

የመጀመሪያውን ሰዓት ለአንድ ነገር ብቻ አውሉት፦ አይኢሲ 60364 አንድ መጽሐፍ አይደለም። የአሜሪካው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ በየ3 ዓመቱ በሙሉ ይወጣል፤ 2020፣ ከዚያ 2023። የብሪታንያው ቢኤስ 7671 የ2018ቱ 18ኛ እትም ላይ በ2022 ሁለተኛ ማሻሻያ ተጨመረበት። አይኢሲ ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዓመት አለው፤ አንዱ ሲከለስ ሌላው ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ሥዕል ላይ «በአይኢሲ 60364 መሠረት» ብሎ መጻፍ ለመርማሪው ምንም አይነግረውም። ክፍሉ፣ የድሮው ዓመት፣ አሁን የሚሠራበት ዓመት፣ በሥዕል ላይ የሚቀይረው ነገር፣ እነዚህን በአራት ዓምድ የያዘ አንድ ገጽ ሠርታችሁ ከስሌት ሉሁ ጋር አያይዙ።

#3 ሉፕ_ለኪ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ክፍል 4-41 ላይ ግን ጊዜ ወስዳችሁ ቆዩ፤ በ2017 በወጣው ማሻሻያ የተቀየረው ቁጥር ትንሽ ቢመስልም ብዙ ሰርኪዩት ይነካል።

በ2005ቱ ጽሑፍ በቲኤን ሥርዓት፣ 230 ቮልት ላይ፣ የ0.4 ሰከንድ የመቆራረጫ ጊዜ የሚጠየቀው እስከ 32 አምፕ ላለ የመጨረሻ ሰርኪዩት ነበር። ከ2017 በኋላ ሶኬት ያለበት የመጨረሻ ሰርኪዩት እስከ 63 አምፕ ድረስ 0.4 ሰከንድ ውስጥ ይገባል፤ 32 አምፕ የቀረው ቋሚ መሣሪያ ብቻ ለሚመግበው ነው። የማከፋፈያ ሰርኪዩት 5 ሰከንዱ እንዳለ ነው። በቲቲ ለ230 ቮልት 0.2 ሰከንድ፣ ለማከፋፈያ 1 ሰከንድ።

ይህ የሚመታው ፊውዝ የሚጠቀሙትን ነው። 63 አምፕ ፊውዝ በ0.4 ሰከንድ እንዲቀልጥ የሚፈልገው ከረንት በ5 ሰከንድ ከሚፈልገው በጣም ይበልጣል፤ ስለዚህ የሚፈቀደው የሉፕ ኢምፒዳንስ (የፎልት ከረንት ከምንጩ ወጥቶ የሚመለስበት መንገድ ጠቅላላ ተቃውሞ) ወደ ታች ይወርዳል። ሲ63 ብሬከር (ሲ ዓይነት፣ 63 አምፕ) በማግኔቱ የሚነሳ፣ ማለት የሚቆርጥ፣ ከሆነ ግን ምንም አይለወጥም፤ 10 ጊዜ 63፣ 630 አምፕ ያስፈልገዋል፣ 230 ለ630 ሲካፈል 0.365 ኦም ነው፣ ድሮም አሁንም። ሠልጣኞቹ ይህን ልዩነት ከአምራቹ ከርቭ ላይ ራሳቸው ያንብቡት።

ለሰሌዳ የሚሆን አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ሲ32 ብሬከር፣ 6 ካሬ ሚሜ መዳብ፣ ኤርዙም 6፣ ርዝመቱ 60 ሜትር፣ ቦርዱ ላይ ያለው ሉፕ 0.25 ኦም።

የ6 ካሬ ሚሜ ሬዚስታንስ በ20 ዲግሪ በሜትር 3.08 ሚሊኦም ነው። ፌዝና ኤርዝ ሲደመሩ 6.16። ኬብሉ በ70 ዲግሪ ሲሠራ በ1.2 ይባዛል፣ 7.39 ይሆናል። በ60 ሜትር 0.443 ኦም። ከ0.25 ጋር 0.693 ኦም።

ገደቡ 230 ለ320 ሲካፈል 0.719 ኦም ነው። አለፈ። የብሪታንያው መጽሐፍ እንደሚያደርገው ዝቅተኛውን የቮልቴጅ ምክንያት 0.95 ካስገባን ግን ገደቡ 0.683 ይሆናል። ወደቀ፣ በ10 ሚሊኦም።

አሁን ወደ ፍተሻው እንሂድ። ለካዩ ኬብሉን ቀዝቃዛ ሆኖ ያገኘዋል፤ መሣሪያው 0.62 ኦም ገደማ ያነባል። የክፍል 6 ተጨማሪ ማብራሪያ በቀዝቃዛ የተለካው ከገደቡ ሁለት ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል፤ ይህ 0.479 ኦም ነው። ስለዚህ ዲዛይነሩ «አልፏል» ያለውን ለካዩ «ወድቋል» ይለዋል፤ ሁለቱም በያዙት ገጽ ትክክል ናቸው። ኬብሉን 10 ካሬ ሚሜ ብናደርገው በሙቅ 0.514፣ በቀዝቃዛ 0.47 ኦም ይሆንና በሁለቱም ያልፋል። ወይም ሎዱ ሥራ ሲጀምር ብዙ የማይስብ ከሆነ ቢ32 ይደረጋል፤ 160 አምፕ ብቻ ስለሚፈልግ ገደቡ ወደ 1.44 ኦም ይወጣል።

#4 መከላከያ_ሪሌይ

> ኬብሉን 10 ካሬ ሚሜ ብናደርገው

ስሌቱ ልክ ነው፤ ምሳሌው ግን አንድ ነገር ዘሎ አልፏል። ያው የ2017 ማሻሻያ ተራ ሰው የሚጠቀምበት ሶኬት እስከ 32 አምፕ ድረስ በ30 ሚሊአምፕ አርሲዲ (ወደ ኤርዝ የሚያመልጥ ከረንት ሲያይ የሚቆርጥ መሣሪያ) እንዲጠበቅ ይጠይቃል፤ በ2005ቱ 20 አምፕ ነበር። ስለዚህ የምሳሌው ሰርኪዩት ሶኬት ከሆነ አርሲዲ አለበት፤ የኤርዝ ፎልቱን በ0.4 ሰከንድ የሚቆርጠው እሱ ነው። 0.693 ኦምም ሆነ 0.62 ለአርሲዲው ችግር አይሆንም። ኬብሉን ከ6 ወደ 10 ማሳደግ ለዚህ ምክንያት ብቻ ከሆነ መዳብ ማባከን ነው።

ጨርሶ መርሳት የሌለበት ግን አርሲዲ ፌዝና ኒውትራል ሲነካኩ አያይም። የሰርኪዩቱ መጨረሻ ላይ ያለው ትንሹ የሾርት ሰርኪዩት ከረንት ብሬከሩን በጊዜ ያነሳል ወይ የሚለው ስሌት ይቀራል። ቲኤን-ሲ ላይ ደግሞ ኤርዙና ኒውትራሉ አንድ ሽቦ ስለሆኑ አርሲዲ አይሠራም።

አንድ ሌላም አለ፦ በዚያው ማሻሻያ የመኖሪያ ቤት የመብራት ሰርኪዩትም 30 ሚሊአምፕ አርሲዲ ውስጥ ገብቷል። አሮጌ የቦርድ ሥዕል ላይ መብራት ሁልጊዜ ከአርሲዲው ውጭ ነው የሚሳለው። ቡድኖቹ ይህን በቀይ ካላከበቡ አንቀጹን አላነበቡትም።

#5 ሉፕ_ለኪ

ተቀብያለሁ። ለሶኬት እንደዚያ ነው። ምሳሌውን ቋሚ ሞተር አድርጉትና ስሌቱ ሙሉ በሙሉ ይጸናል፤ አርሲዲ አይጠየቅም፣ ሲ ከርቭም ለሞተሩ መነሻ ያስፈልጋል። እንዲያውም ሁለቱንም ጎን ለጎን ስጧቸው፦ አንድ ኬብል፣ አንድ ብሬከር፣ አንዴ ሶኬት፣ አንዴ ሞተር። መልሱ ለምን እንደተለያየ በአፋቸው ያስረዱ።

#6 ቻርጀር_መስመር

ስለ አርሲዲ ወሬ ከተነሳ ዓይነቱ ላይ ግማሽ ቀን ቢውል አይበዛም። አሮጌው ሉህ «30 ሚሊአምፕ» ብሎ ያቆማል። አሁን ፊደል የሌለበት አርሲዲ በሥዕል ላይ ያልተጠናቀቀ ዲዛይን ነው።

ዓይነት ኤሲ የሚያየው የተለመደውን ተለዋዋጭ ከረንት ብቻ ነው። ዓይነት ኤ የተቆራረጠ ዲሲ ያያል፤ ለስላሳ ዲሲ እስከ 6 ሚሊአምፕ ቢመጣበትም ሥራውን አይስትም። ዓይነት ኤፍ ባለ አንድ ፌዝ ኢንቨርተር ላለባቸው መሣሪያዎች ሲሆን እስከ 10 ሚሊአምፕ ይችላል። ዓይነት ቢ ለስላሳ ዲሲውንም ራሱ ይቆርጣል። የብሪታንያው የ2022 ማሻሻያ ዓይነት ኤሲን ዲሲ እንደማያመነጭ ለሚታወቅ ቋሚ መሣሪያ ብቻ አስቀርቶታል።

ለምን? ለስላሳ ዲሲ የአርሲዲውን ኮር ያጠግበዋል። ኮሩ ሲጠግብ እውነተኛው የኤርዝ ፎልት ቢመጣም ውጤት አይሰጥም፤ አርሲዲው እንዳለ ይቀመጣል፣ የመሞከሪያ ቁልፉም ላይነሳ ይችላል። ሰው የተማመነበት መከላከያ ታውሯል ማለት ነው።

ከዚህ የሚመጣው የተለመደ ስሕተት እንዲህ ነው። ዲዛይነሩ ቻርጀሩ ላይ ዓይነት ቢ ያስቀምጣል፣ ጥሩ። ነገር ግን ያ መስመር የሚወጣው በዓይነት ኤ ከሚጠበቅ ቦርድ ነው። ዓይነት ቢው እስኪነሳ ድረስ ከ6 ሚሊአምፕ የሚበልጥ ዲሲ በላይኛው ውስጥ ያልፋል፤ ላይኛው ይታወራል፣ ከእሱ በታች ያሉት ሌሎች ሰርኪዩቶች በሙሉ መከላከያ ያጣሉ። የቻርጀሩ መስመር ከዓይነት ኤው በላይ ይውጣ፣ አለበለዚያ ላይኛውም ዓይነት ቢ ይሁን።

ክፍል 7-722 ለእያንዳንዱ የመኪና ማገናኛ ነጥብ የራሱ 30 ሚሊአምፕ አርሲዲ ይጠይቃል፦ ወይ ዓይነት ቢ፣ ወይ ዓይነት ኤ ወይም ኤፍ ከ6 ሚሊአምፕ ዲሲ ማወቂያ ጋር። ማወቂያው ቻርጀሩ ውስጥ ካለ የአምራቹ ሰነድ ይህን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ «ይኖረዋል» ተብሎ አይታለፍም።

ሎዱም እንደዚያው ነው። የእያንዳንዱ ነጥብ የመጨረሻ ሰርኪዩት ማብዛኛው (ሎዱ በአንድ ጊዜ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚገምተው ቁጥር) 1 ነው፣ አይቀነስም። 10 ባለ 32 አምፕ ነጥቦች ካሉ መጋቢው 320 አምፕ ነው፤ የሎድ መቆጣጠሪያ ካለ ብቻ በእሱ ገደብ ይሰላል። አሮጌው ሉህ ለሶኬት የሚሰጠውን የ0.4 ማብዛኛ ለቻርጀር የሚሰጥ ሰው በእርግጥ ይገኛል፤ መኪና ግን ሌሊቱን ሙሉ በሙሉ ከረንት ይስባል።

#7 መከላከያ_ሪሌይ

በዚሁ ላይ የመደበኛ ሊኬጅ (ያለ ፎልት ወደ ኤርዝ የሚፈስ ትንሽ ከረንት) ነገር ይጨመር። የ2019ኙ ክፍል 5-53 በአንድ አርሲዲ ሥር የሚጠራቀመው ሊኬጅ ከአርሲዲው መነሻ ከረንት 0.3 እጥፍ እንዳይበልጥ ይላል። ለ30 ሚሊአምፕ 9 ሚሊአምፕ ማለት ነው። ፊልተር ያለው ኮምፒውተር 1.5 ሚሊአምፕ ቢያፈስ 6 ኮምፒውተር ሲሆን ድንበሩ ላይ ደረስን። አንድ ወለል ሙሉ ሶኬት በአንድ አርሲዲ ሥር የሚያስገባ ሥዕል በዚህ ብቻ ይመለሳል። አርሲዲው ያለ ፎልት ሲነሳ ተጠቃሚው መጨረሻ ላይ የሚያደርገው ማለፊያ ሽቦ ማሰር ነው፤ ስለዚህ ይህ የምቾት ጉዳይ አይደለም።

ሁለት አርሲዲ በተከታታይ ካለ ደግሞ ላይኛው የሚዘገየው ዓይነት ኤስ ይሁን፣ መጠኑም ቢያንስ 3 እጥፍ። ለ30 ታች፣ 100 ላይ።

#8 የንድፍ_ክፍል

ይህ ሁሉ እጅግ ይጠቅማል። ስለ ሰርጅ መከላከያ (ኤስፒዲ፣ ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይን የሚይዝ መሣሪያ) ልጠይቅ፦ ኤስፒዲ አሁን ለሁሉም ግዴታ ነው የሚል አለ፣ መብረቅ መከላከያ ላለው ሕንፃ ብቻ ነው የሚልም አለ።

#9 ባስባር

ሁለቱም አይደለም። የ2015ቱ የክፍል 4-44 ማሻሻያ እንዲህ ይላል፦ ጉዳቱ የሰው ሕይወትን፣ የሕዝብ አገልግሎትን፣ የንግድ ወይም የኢንዱስትሪ ሥራን ወይም ብዙ ሰው የሚሰበሰብበትን ቦታ የሚነካ ከሆነ ግዴታ ነው። ለሌላው የስጋት ስሌት ይሠራል፤ ስሌት ካልተሠራ ኤስፒዲ ይገባል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የአካባቢ ቁጥሩ ለገጠርና ለከተማ ዳርቻ 85፣ ለከተማ 850 ነው፤ ተጨማሪው ማብዛኛ 1 ሲሆን። ይህ ለመስመሩ የስጋት ርዝመት እና በዓመት በካሬ ኪሎሜትር ለሚወርደው መብረቅ ብዛት ብዜት ይካፈላል። ውጤቱ ከ1000 ካነሰ ኤስፒዲ ያስፈልጋል።

ርዝመቱ በኪሎሜትር ሲሆን የአየር ላይ ዝቅተኛ ቮልቴጅ በ2፣ የመሬት ውስጥ ዝቅተኛ ቮልቴጅ በ1፣ የአየር ላይ ከፍተኛ በ0.4፣ የመሬት ውስጥ ከፍተኛ በ0.2 ይባዛል። ጠቅላላው ከ1 ኪሎሜትር አይዘልም።

የከተማ ዳርቻ፣ 0.4 ኪሜ የአየር ላይ ዝቅተኛ፣ 0.6 የአየር ላይ ከፍተኛ፦ 0.8 ሲደመር 0.24፣ 1.04። መብረቅ 2 ቢሆን 85 ለ2.08፣ 41 ገደማ። ከ1000 እጅግ ያንሳል። ከተማ፣ ሁሉም መሬት ውስጥ በዚያው ርዝመት፦ 0.52። መብረቅ 2 ሲሆን 850 ለ1.04፣ 817፤ አሁንም ያስፈልጋል። መብረቅ 0.5 ቢሆን 3269፤ አያስፈልግም። እነዚህን ሦስቱን በእጅ ካሰሉ ነገሩ ለዘለዓለም ይገባቸዋል።

ከስሌቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መግጠሙ ነው፤ የሚጀምረውም ከሥዕሉ ነው። የኤስፒዲ መዳረሻ ሽቦ ጠቅላላ ርዝመት ከ0.5 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከባስባር እስከ ኤስፒዲ፣ ከኤስፒዲ እስከ ኤርዝ ባር ተደምሮ። ሽቦ በሜትር 1 ማይክሮሄንሪ ገደማ አለው። 10 ኪሎአምፕ በ8 ማይክሮሰከንድ ሲወጣ በአንድ ሜትር ሽቦ ላይ ከ1 ኪሎቮልት በላይ ያርፋል። ኤስፒዲው 1.5 ኪሎቮልት ተብሎ ቢገዛ፣ 40 ሳንቲሜትር ላይ እና 60 ሳንቲሜትር ታች ሽቦ ሲኖረው መሣሪያው የሚያየው 2.5 ኪሎቮልትና ከዚያ በላይ ነው፤ የ230/400 ቮልት የምድብ 2 መሣሪያ የሚችለው ደግሞ 2.5 ብቻ ነው። የተገዛው መከላከያ ቦርዱ ውስጥ ሽቦው ላይ አለቀ።

ስለዚህ የቦርዱ አቀማመጥ ሥዕል ላይ የኤስፒዲው ቦታ ከኤርዝ ባሩ አጠገብ ይሳል። ርቀቱ አልቀመስ ካለ፣ ከረንቱ የሚፈቅድ ከሆነ፣ መጋቢው ራሱ በኤስፒዲው ተርሚናል በኩል ገብቶ ይውጣ። የኤርዝ ሽቦው ለዓይነት 2 ቢያንስ 6 ካሬ ሚሜ፣ ለዓይነት 1 ቢያንስ 16 መዳብ።

#10 ሦስተኛ_እጥፍ

ኬብል ላይ ማንም አልመጣም፤ ምናልባት አሮጌ ስለሆነ ነው። እውነት ነው፣ የሃርሞኒክ ሰንጠረዡ አዲስ አይደለም። ሎዱ ግን ተለውጧል፤ ኤልኢዲ፣ ዩፒኤስ፣ ሰርቨር። አሮጌው ሉህ ኒውትራልን ባዶ አድርጎ ነው የሚያስበው።

60 አምፕ ባለ ሦስት ፌዝ ሎድ፣ ሦስተኛው ሃርሞኒክ (በሦስት እጥፍ ድግግሞሽ የሚመጣ ከረንት) 40 በመቶ። የሦስቱ ፌዝ ሦስተኛ ሃርሞኒክ ኒውትራል ላይ አይጠፋፋም፣ ይደመራል፦ 60 በ0.4 በ3፣ 72 አምፕ። ኒውትራሉ ከፌዙ በለጠ። ከ33 እስከ 45 በመቶ ባለው ክልል ኬብሉ የሚመረጠው በኒውትራሉ ከረንት ሆኖ ለ0.86 ይካፈላል፣ 84 አምፕ ገደማ። ግድግዳ ላይ የተገጠመ ፒቪሲ መዳብ 16 ካሬ ሚሜ 76 አምፕ ይይዛል፣ 25 ደግሞ 96። ያለ ሃርሞኒክ 16 ይበቃ የነበረው 25 ሆነ። ከ15 እስከ 33 በመቶ ሲሆን 0.86ቱ በፌዙ ከረንት ላይ ይሠራል፤ ከ45 በላይ ሲሆን ቅነሳ የለም፣ ምርጫው በኒውትራል ብቻ ነው።

ያንን 25 ካሬ ሚሜ ከሌሎች 5 ሰርኪዩቶች ጋር በአንድ ጥቅል ትሬይ ላይ ብታስገቡትና አካባቢው 40 ዲግሪ ቢሆን፦ ለ6 አንድ ላይ ለተጠቀለሉ ሰርኪዩቶች 0.57፣ ለ40 ዲግሪ ፒቪሲ 0.87። 96 በ0.57 በ0.87 ወደ 48 አምፕ ይወርዳል። ዲዛይነሮች እዚህ ላይ ማባዛቱን ያውቁታል፤ ትሬዩ ላይ ስንት ሰርኪዩት እንደሚያልፍ ግን ዲዛይኑ ሲጀመር የሚያውቅ የለም። በነጠላ መስመሩ ላይ የማይታይ ነገር ነው። የትሬይ ቁራጭ ሥዕል ከኬብል ዝርዝሩ በፊት መሳል አለበት የምለው ለዚህ ነው።

#11 ባስባር

ትራንስፎርመር ስለሚቀየርበት ዲዛይንም አንድ ልምምድ አስገቡ። 315 ኬቪኤ፣ ኢምፒዳንሱ 4 በመቶ፦ ሙሉ ከረንቱ 455 አምፕ፣ ሾርት ሰርኪዩቱ ተርሚናሉ ላይ 11.4 ኪሎአምፕ። ወደ 630 ኬቪኤ በዚያው 4 በመቶ ሲያድግ 909 አምፕ እና 22.7 ኪሎአምፕ። ዋናው ቦርድ ላይ 16 ኪሎአምፕ የሚቆርጡ ብሬከሮች ካሉ ሁሉም ከአቅም በታች ሆኑ። ይህን ሁሉም ያየዋል።

የማይታየው ታች ያለው ነው። 40 ሜትር 25 ካሬ ሚሜ ርቆ ያለ ማከፋፈያ ቦርድ ላይ ሾርት ሰርኪዩቱ ከ5.5 ኪሎአምፕ ወደ 6.7 ገደማ ይወጣል። እዚያ የተገጠሙት 6 ኪሎአምፕ ብሬከሮች ናቸው። ማንም ያልነካው ቦርድ፣ ትራንስፎርመሩ ስለተለወጠ ብቻ አደገኛ ሆነ። መፍትሔው 10 ኪሎአምፕ ብሬከር ነው፤ ወይም አምራቹ ላይኛውና ታችኛው ተጣምረው እንደሚሠሩ በሰንጠረዥ ያረጋገጠው ጥንድ። የሁለት አምራች ብሬከር አጣምሮ «ይሠራል» ማለት አይቻልም።

#12 ጸሐይ_ገመድ

3ኛው ቀን ላይ የፀሐይ ኃይል አለ ስላላችሁ ሁለት ስሕተቶችን ብቻ።

አንደኛው የገመድ ቮልቴጅ ነው። የፓነሉ ክፍት ቮልቴጅ 49.5፣ ኢንቨርተሩ የሚችለው 1000 ቮልት። 20 ፓነል በ49.5 ሲባዛ 990፣ አለፈ ይባላል። ነገር ግን 49.5 የተለካው በ25 ዲግሪ ነው። ፓነል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፤ በየዲግሪው 0.27 በመቶ ቢሆንና የቦታው ዝቅተኛ ሙቀት 5 ዲግሪ ቢሆን 5.4 በመቶ ይጨምራል። 52.17 በ20፣ 1043 ቮልት። ጧት ፀሐይ ስትወጣ፣ ፓነሉ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ኢንቨርተሩ የሚቃጠልበት ሰዓት ይህ ነው። 19 ፓነል 991 ይሰጣል። ከረንቱም እንዲሁ፣ የፓነሉ ሾርት ሰርኪዩት ከረንት በ1.25 ተባዝቶ ነው ኬብል የሚመረጥለት።

ሁለተኛው፣ ኢንቨርተሩን በአንድ ነባር የመጨረሻ ሰርኪዩት መሐል ማስገባት። ብሬከሩ 40 አምፕ፣ ኬብሉ 50 አምፕ የሚይዝ፣ ኢንቨርተሩ 16 አምፕ። ኬብሉ ከሁለት ወገን 56 አምፕ ሊያገኝ ይችላል፤ ብሬከሩ 40 ብቻ ስለሚያይ አይነሳም። ክፍል 5-55 የኬብሉ አቅም ከብሬከሩና ከምንጩ ድምር እንዳያንስ ይጠይቃል። ባስባርም በዚሁ አስተሳሰብ ይመርመር። ኤሌክትሪክ ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣል የሚለው ልማድ ከእጅ እንዲወጣ ክፍል 8-82ን (ራሱም ኃይል ስለሚያመነጭ ተከላ) ቢያንስ ከሥዕሎቹ ጋር አሳዩአቸው።

#13 የንድፍ_ክፍል

ሶፍትዌሩን ወደ 3ኛው ቀን ጧት ላዛውረው ነው። በዚያ ላይ ምን ትላላችሁ? «ግዴታ» እና «ይመከራል» የሚለው ልዩነትም ሠልጣኞቹን ያምታታል።

#14 ሉፕ_ለኪ

ጥሩ ነው፤ ከ2ኛው ቀን ማታ በፊት አይከፈት። ሲከፈትም በእጅ የሠሩትን ያንኑ ዲዛይን ያስገቡ፤ ልዩነት ካለ ሶፍትዌሩ ያሰበውን ፈልገው ያግኙ። ብዙ ጊዜ ሦስት ቦታ ነው የሚደበቀው፦ የተመረጠው እትም አሮጌ ሆኖ መቅረቱ፣ የቮልቴጅ ምክንያቱ፣ ለትልቁ ከረንት 1.05 ወይም 1.10፣ ለትንሹ 0.95 ወይም 0.90፣ ሳይነካ መቅረቱ፣ ሦስተኛው ሃርሞኒክ ደግሞ ከ15 በመቶ በታች ተብሎ መተው።

የቃሉ ነገር፣ አርክ ማወቂያውን (በተበላሸ ሽቦ ወይም በላላ ግንኙነት የሚነሳ ብልጭታን አይቶ የሚቆርጠውን መሣሪያ) ምሳሌ አድርጉት። በ2014 በክፍል 4-42 የገባው ምክር ሆኖ ነው። በብሪታንያው የ2022 ማሻሻያ ግን ለረጃጅም የመኖሪያ ሕንፃዎች፣ ለተማሪ ማደሪያና ለእንክብካቤ ቤቶች እስከ 32 አምፕ ባለ የሶኬት ሰርኪዩት ግዴታ ሆነ። አንዱ መሣሪያ፣ ሁለት መጽሐፍ፣ ሁለት ግስ። ሥዕሉ ላይ ያለው ማስታወሻ የትኛውን ግስ እንደያዘ መናገር አለበት።

#15 መከላከያ_ሪሌይ

ለፈተናው ጥያቄና መልስ አትጻፉ። ሆን ተብሎ የተሳሳተ አንድ ነጠላ መስመር ስጧቸው፣ 90 ደቂቃ፣ በየግል። ውስጡ ይቀመጡ፦ ዓይነት ቢ በዓይነት ኤ ሥር፤ ባለ 63 አምፕ ሶኬት ፊውዝ በ5 ሰከንድ የተሰላ፤ ኤስፒዲ ከኤርዝ ባሩ 1 ሜትር የራቀ፤ 6 ኪሎአምፕ ብሬከር 6.7 ባለበት ቦርድ፤ መብራት ከአርሲዲ ውጭ፤ 20 ፓነል በ1000 ቮልት፤ ኒውትራል ከፌዝ ያነሰ የዩፒኤስ መጋቢ። ከ7ቱ ስንቱን አገኘ ብቻ ሳይሆን ለምን ስሕተት እንደሆነና በምን እንደሚታረም በአንድ መስመር ይጻፍ። ትክክል የሆኑ ግን አጠራጣሪ የሚመስሉ ሁለት ቦታዎችም ይኑሩ፤ ሁሉን በቀይ የሚያከብብ ሰው በዚያ ይታያል።

#16 የንድፍ_ክፍል

ወሰድኩት። የመጨረሻ፦ ነባር ሕንፃ ላይ አንድ ቻርጀር ሲጨመር ቦርዱ በሙሉ ወደ አዲሱ የኮድ ክፍል ይምጣ?

#17 ባስባር

አይደለም። አዲሱ ክፍል የሚገዛው የተጨመረውንና የተነካውን ነው። ነገር ግን ጭማሪው ነባሩን ደኅንነት መቀነስ የለበትም፤ ስለዚህ ከቻርጀሩ ወደ ላይ ወደ ምንጩ እየወጣችሁ አምስት ነገር ትፈትሻላችሁ፦ መጋቢው 32 አምፕ ተጨማሪ ይችላል ወይ፣ የዋናው ኤርዝና የማያያዣ ሽቦዎች መጠን ይበቃል ወይ፣ ላይ ያለው አርሲዲ ዓይነቱ ምንድን ነው፣ ብሬከሮቹ የመቁረጥ አቅማቸው ለአሁኑ ሾርት ሰርኪዩት ይደርሳል ወይ፣ ሉፑ ተለክቷል ወይ። ከአምስቱ አንዱ ካልሆነ ያ ክፍል ወደ ሥራው ይገባል፤ ለባለቤቱም በጽሑፍ ይነገራል። ሥዕሉ ላይ ነባሩ በቀጭን፣ አዲሱ በወፍራም መስመር ይሳል፤ ከጎኑ የተሠራበት ክፍል ቁጥርና ዓመት ይጻፍ።